ከጣሪያህ ያወረድኩት አንቴና

ይድረስ ለወንድሜ ለኢርሻድ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ? የጅዳ ሙቀትስ በረድ አለ? ባለቤትህ ዘይቱና፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷ ቢያማትም ምላሷ እንደሆነ አልደከመም።

በአክስታችን ልጅ በአብዱናስር እጅ የላክኸው ወረቀት ደረሰኝ። አንቴናውን አውርጂ፣ ስማችንን አታስጠፊ ትላለህ። ጎረቤታችን ኦቦ ዓሊዩ ድሬዳዋ ድረስ ሄደው ስለ ደወሉልህ፣ እኔን እህትህን ሳትጠይቅ እሳቸውን አመንክ? በጣም ነው ያናደድከኝ!

እንግዲህ ነገሩን ከእኔ ስማ። መስመሩ ከተበላሸ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ከጭሮ እስከ ገለምሶ ስልክም ኢንተርኔትም የለም። እኔ ደግሞ አምና የአማተር ራዲዮ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ራዲዮውን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ በመኪና ባትሪ አሠራዋለሁ። የጻፍኩት በአየር ድሬዳዋ ያለው ቦንሳ ጋ ይደርሳል፤ እሱም አማተር ነው፤ እዚያ ኢንተርኔት ስላለ በኢሜይል ያሳልፈዋል። ቀርፋፋ ነው፣ ፎቶማ አይሞከርም፤ ጽሑፍ ግን ያደርሳል። ከገለምሶ በታች ቆላው ውስጥ ያለው፣ እንደ እኔው አማተር የሆነው ነርስ ሳቢት የወባ መድኃኒት ማለቁን ያሳወቀው በእኔ በኩል ነው። በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱ ገባለት።

ይኼን የሰሙት ኦቦ ዓሊዩ፣ ያው ጫት ነጋዴ ናቸውና፣ አንድ ቀን ከች አሉ። ሳቢት የገለምሶን የጠዋት የጫት ዋጋ በራዲዮ እንዲነግረኝና ለእሳቸው ብቻ ሹክ እንድላቸው ፈለጉ። ሂርና ጫት ገበያ ላይ ሌላውን ነጋዴ ሊቀድሙበት ነው። የአማተር ፈቃድ ለንግድ አይሆንም፣ ክልክል ነው አልኳቸው። ለጎረቤት ደግሞ ምን ክልክል አለ ብለው ተቆጥተው ወጡ። በሳምንቱ ወሬው ከተማውን ሞላው፦ ዑሙልኸይር ከማን ጋር እንደምታወራ አይታወቅም፣ ምስጢር ታወጣለች ተባለ። ሽማግሌም ተላከብኝ፤ እስከ ጁምዓ አውርጂው አሉ። ስለ መድኃኒቱ ባስረዳ፣ ባስረዳ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ጣሪያው በአንተ ላብ የተሠራ ስለሆነ ቃልህን አክብሬ ትናንት አወረድኩት። አትደሰት ታዲያ! ግቢው የእማዬ ነው። እሷ ራሷ የአንቴናውን ሽቦ ልብስ ማስጫ እያደረገችው ስንቴ ተጣልተናል፤ ይኼን ስትሰማ ግን በጫት ዋጋ የተቆጣ ሰው የልጄን አፍ አይዘጋም አለችና ጉድጓድ ቆፋሪ ጠራች። አሁን መሐል ግቢ ረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቆሟል፤ አንቴናው ድሮ ከነበረበት ከፍ ብሏል። ሽማግሌዎቹ ጁምዓ ይምጡ፤ ወንበር አወጣላቸዋለሁ፣ የሚላከውን ሁሉ አስነብባቸዋለሁ፤ አላወርደውም። እኔ ሰው ፈርቼ ብዘጋው ሳቢት ጋ በትኩሳት የሚነደው ሕፃን ምን ይሁን? አንተም ተቆጣ፤ ሲበርድልህ ትጽፍልኛለህ።

ዘይቱናን ሳምልኝ። ሳብሪና በትምህርቷ ትበርታ፤ ትንሹም ልጅህ የአገሩን ዝናብ እንዳይረሳ ንገረው። እማዬ ዱዓዋን ልካለች። ይህ ደብዳቤ ያለ ስልክ በምን እንደደረሰህ ከገረመህ፣ በዚሁ ራዲዮ ነው የላክሁት። አማተር ቃሉን መቆለፍ አይፈቀድለትም፤ በአየር ላይ የፈለገ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ኦቦ ዓሊዩም አግኝተው እያነበቡት ከሆነ፣ አክባሪ ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

እህትህ ዑሙልኸይር
ጭሮ፣ ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.