የገነነ ቆርኪ

ባዬ፣

ለወንድምህ ለገነነ ተዝካር ማንኩሳ ሄጃለሁ። አልቀሰቀስኩህም፤ አልሄድም ብለሃል።

ለምንሠራው የሰሌዳ ጨዋታ ጀምሮት ሳይጨርሰው የሞተውን ተጨማሪ ሰሌዳ፣ ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ እስከ ቡሬ ያለውን መንገድ የሚያሳየውን፣ ካርቶን ላይ ለጥፌዋለሁ። ሙጫው እስኪደርቅ ጠርዙ ላይ ያሉትን ድንጋዮች እንዳታነሳቸው። ካርዶቹን ላሚኔት ካስደረግህ በኋላ ጫፋቸውን በምላጭ አስተካክል። እውነትም የፋብሪካ ይመስላሉ።

ገነነ እንደ ጠጠር ይጫወትበት የነበረውን ቆርኪ ግን "ዝጓል፣ መልኩን ያበላሽብናል" ብለህ ስትጥለው ዝም ማለት አልነበረብኝም።

ከቆሻሻው አውጥቼ መስኮቱ ላይ አስቀምጬው ነበር። አንተ ቡሬ ያደርክ ጊዜ፣ ጠዋት ስነሳ ሰሌዳው ላይ፣ ማንኩሳ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።
ወደ መስኮቱ መለስኩት።
ዛሬም ማንኩሳ ላይ ነው።

ሚኒባስ እስከ ማታ አለ።
የሚጠብቀው እኔን አይመስለኝም።

ናሁሰናይ