ዶክተር ታደለ የሚቆሙበት ቦታ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ዲላ

የእኛ የተለማማጅ ሐኪሞች፣ የኢንተርኖችም ሐሳብ ይሰማ ተብሎ የሆስፒታሉ የጥራት ኮሚቴ ውስጥ ከተጨመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። በሕፃናት ክፍል ኢንፌክሽን ከአልጋ ወደ አልጋ እየተላለፈ ነው። በጠዋት ራውንድ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ስንሄድ እኛ ኢንተርኖች እጃችንን ለምን አናጸዳም? ኮሚቴው ሳኒታይዘር እያለቀ ስለሆነ ይመስለዋል። የት ያልቃል! ከእኛ ማንም አይነካውም። ጠርሙሱ ያለው በየአልጋው ራስጌ ነው፤ ራስጌ የሚቆሙት ደግሞ ራውንዱን የሚመሩት ዶክተር ታደለ ናቸው። እያስረዱ ሳለ በፊታቸው ማን ደፍሮ ያልፋል? ይህን ግን ስብሰባ ላይ አልተናገርኩም።

ዛሬ ጠዋት ጠርሙሶቹን እኛ ወደምንቆምበት ወደ ግርጌ አዛወርኳቸው። ምን እንደሚሆን ማየት ፈልጌ ነው። ማንም ሳይጎተጉተን ሁላችንም አጸዳን! እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?

ሦስተኛው አልጋ ጋ ስንደርስ ዶክተር ታደለ እንደ ልማዳቸው ራስጌ ቆመው እጃቸውን ወደ ልጁ ዘረጉ። ጠርሙሱ አሁን እኛ ጋ ነው። ሁላችንም አየን። የተናገረችው ከጪጩ የመጣችው የልጁ እናት ናት።

"የሳቸው እጅ አይደርስም እኮ፤ አቀብሏቸው እንጂ!"

ዶክተር ታደለ እጃቸውን ሰበሰቡ። ዞረው መሃላችን መጡና ራሳቸው ጨምቀው ማሸት ጀመሩ።

"ይህን ጠርሙስ ማነው ያዛወረው?" አሉ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ማወቅ የፈለጉ ነው የሚመስሉት።

እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ኮሚቴው ውስጥ የተጨመርኩት እንድናገር ነበር እኮ።