ዛፍ ላይ የሚያድሩት ጅግራዎች

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

እግሬ ሊረግጣት ምንም አልቀረው። እንጨት ስለቅም ነው፣ ከሰሊጡ ማሳ ዳር፣ ግራር ሥር። ጅግራ ናት። ዛጎልማ ላባ፣ መላጣ ሰማያዊ አንገት፣ አናቷ ላይ ቀንድ መሳይ አጥንት። አልበረረችም፤ ሣር ለሣር ሮጠች። ጎጆዋ መሬቱን ጫር ጫር አድርጋ ደረቅ ሣር ጣል ያደረገችበት ጉድጓድ ነው። አሥራ ሁለት እንቁላል። ለማንም አልተናገርኩም። ለአርባ አጫጅ በማበስልበት ካምፕ ምሥጢር እስከ ምሳ አይቆይም።

ወንድሜን አለልኝን ወባው ለቆታል፤ የምግብ ፍላጎቱ ግን አልተመለሰም። የማሽላ እንጀራ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ትናንት እንቁላል ቢሆን እበላ ነበር ብሎኝ፣ ከየት አባቴ ላምጣ ብዬ ተቆጥቼዋለሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 21

አሥራ አንዱን አነሣሁ። አንዱን በከሰል ምልክት አድርጌ ተውኩላት፤ አገራችን ለዶሮ እንደምናደርገው፣ ተመልሳ እንድትጨምር። ጉብዝናዬን ለራሴ እያደነቅኩ መጣሁ። የመጀመሪያውን መጥበሻው ላይ ሰበርኩት። ጫጩት ወጣ። ዓይኑ ጠቁሯል፣ ላባ ጀማምሮታል። አለቀስኩ። አለልኝ ከተኛበት አየኝ።

አሥሩን በነጠላዬ ጠቅልዬ እየሮጥኩ መለስኩ። ከዚያ ለእርሻው ዘበኛ ለአባ እድሪስ ነገርኳቸው፤ እዚሁ መተማ ተወልደው ያረጁ ናቸው።

"ጅግራ የቤት ዶሮ መሰለችሽ፣ ልጄ? አንዴ ከታቀፈች አትጨምርም" አሉኝ።

ሐሩሩ እንቁላሉን ሳይበርድ ትንሽ ያቆየዋል፣ አንቺ ግን ዝር እንዳትይ አሉ። መንጋው ማታ ማታ ከካምፑ ማዶ ያለው ዛፍ ላይ ይወጣል። ከነእናቲቱ ሰባት ናቸው፤ የታቀፈች ግን መሬት ነው የምታድረው። ስድስት ከሆኑ ወደ ጎጆዋ ተመልሳለች ማለት ነው አሉኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ቆጠርኩ። ሰባት።

ሐሙስ፣ መስከረም 22

ሥራ አልያዝ አለኝ። ወጡን አሳረርኩ፣ አጫጆቹ አጉረመረሙ። አንዲት ወፍ ናት እላለሁ፤ ያ ጥቁር ዓይን መልሶ ይመጣብኛል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አመሻሹ ላይ አለልኝ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ከድንኳኑ ወጣ። ከታመመ ወዲህ በእግሩ ሲቆም የመጀመሪያው ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ቆጠርን። እየተንጫጩ አንድ በአንድ ወጡ። እሱ ስድስት አለ። እኔም ስድስት። አንዷን ቅጠል ጋርዷት ይሆናል፣ ወይ ቀበሮ በልቷት ይሆናል። ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ጠበቅን፤ ሰባተኛዋ አልመጣችም።

"ታቅፋቸው ነው፣ እታለም" አለኝ።

ከዚያ ያን የጠላውን እንጀራ አምጪ አለኝ። ግማሹን በላ።