ያንቺ እርሾ፣ የኔ ባል

መካነ ሰላም፣ ጥር ፲፱፻፷፰ ዓ.ም.

ውድ ብርሀንነሽ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ጣውንቴ እንዳልልሽ ባሌ ንጉሡ አንቺን ፈትቶ ነው እኔን ያገባው፤ እህቴ እንዳልልሽ ደግሞ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? አባትሽስ ደህና ናቸው? ኩታበር ገብተሽ ከዘማቾቹ ፊደል ቆጠርሽ ሲሉ ሰማሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አላለኝም። ስድስተኛ ክፍል መድረሴ ካንቺ የምበልጥበት አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም ወሰድሽብኝ። ዛሬ ግን ጠቀመኝ። ይህን ወረቀት ለማንም ሳታስነብቢ ራስሽ አንብቢው።

ነገሩን አላዞርም። የንጉሡ የሆድ ሕመም ተመልሶበታል።

ያን ክፉ ጊዜ አትረሺውም። በስድሳ ስድስት እህል ላምጣ ብሎ ቆላ ወርዶ፣ ከረሃብተኛው ጋር መጠለያ ውስጥ ወድቆ ከርሞ በቃሬዛ መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ሆዱ ሆድ አልሆነም። የበላው አይረጋለትም፣ ይነፋዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል። ክኒን ሲሰጡት ይሻለዋል፣ ክኒኑ ሲያልቅ እዚያው ነው። ሱሪው ከወገቡ አልቆም ብሎ በገመድ ያስረው ነበር። እናቱ እማማ አልታዬ አንድ ቀን ጠሩኝና «ብርሀንነሽ ዘንድ ሂጂና እርሾ አምጪ። ልጄን ከልጅነቱ ጀምሮ ሆዱ ሲያምፅ የሚያስታርቀው እርሾ ነው» አሉኝ።

«ከሌላ ቤት ባመጣውስ እማማ?» አልኳቸው።

«ከየትኛው ቤት? ዱቄት በሌለበት አገር እርሾ የት አለና?»

እውነታቸውን ነበር። በሰፈራችን ቡሃቃው ሁሉ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ያንቺ ብቻ ነው ያልሞተው። ከጉሮሮሽ ነጥለሽ እፍኝ እፍኝ የገብስ ዱቄት እየሰጠሽ አቆየሽው አሉ። እኔ ያን ጊዜ እፍኝ ዱቄት ባገኝ እበላው ነበር እንጂ ለእርሾ አልሰጥም። ለምን እንዲህ እንዳደረግሽ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ፤ ያሰብኩት ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

እርሾ ለጠየቀ አይከለከልምና አልከለከልሽኝም። በቅል ቀድተሽ ሰጠሽኝ። «የገብስ አጥሚት ቀጠን አድርጊና አፍዪ። ጣትሽን ስትነክሪበት እስከማያቃጥልሽ ይብረድ። ከዚያ ይህን ጠብ አድርጊበትና ሸፍነሽ አሳድሪው፤ ጧት አረፋ አውጥቶ ታገኚዋለሽ፣ ያኔ አጠጪው» አልሽኝ። እዚህ ላይ ብታቆሚ ምን ነበረበት? «አብሽሪ፣ ሆዱን አውቀዋለሁ» ብለሽ ጨመርሽበት። ከቤትሽ እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ቤት ገብቼ ያልሽኝን ሁሉ አደረግሁ። ጧት ግን አረፋውን ሳየው የክሊኒኩ ድሬሰር ፈንታሁን «የሚጠጣው ነገር ሁሉ ይፍላ» ያለኝ ትዝ አለኝ። ፈንታሁን ስለ ውሃ ነበር የተናገረው። እኔ ደግሞ ካንቺ ቤት የመጣ ነገር እንዲሁ ባሌ ሆድ ውስጥ ሲገባ አላስችል አለኝና ምንቸቱን እሳት ላይ ጥጄ አንተከተክሁት። ሳምንት ሙሉ እያፈላሁ አጠጣሁት፤ ምንም ለውጥ የለም። በልቤ «ይኸው፣ ያንቺም እጅ እንደማንም ነው» እያልኩ ደስ ሊለኝ ሲል ባሌ ደግሞ እየከሳ ነው። እንዲህ ያለ ደስታ ገጥሞሽ ያውቃል?

እማማ ናቸው ጎትተው ያመጡሽ። ከደጅ ገብተሽ ምንቸቱን አሸተትሽና «እርሾ እኮ ነፍስ አለው። ቀቅለሽ ገድለሽዋል» አልሽኝ። ከዚያ በኔ ጓዳ፣ በኔ ማማሰያ፣ አንቺ አዘጋጀሽው። ሲጠጣ ዓይኑን ጨፈነ። በኔ እጅ ምን ጠጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል? ወሩ ሳያልቅ ገመዱን ፈትቶ ጣለው። እህል ረጋለት፣ ሳቀ፣ አጨዳ ወረደ። ባትኖሪ ኖሮ ቀብሬው ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይበልጥ እጠላሻለሁ፤ ቅናት አጥንት ያነቅዛል የሚሉት እውነት ነው።

ከዚያ መሬት ላራሹ ታወጀና ያባትሽን መሬት ልትይዢ አገርሽ ገባሽ። የሄድሽ ቀን እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከእርሾሽ ከፍለሽ ትተሽልኝ ነበር፤ ዓመት እንኳ አልቆየ፣ ክረምት ላይ ሻገተ። ሌላ ሠራሁ፣ የጎረቤትም ለመንኩ። የንጉሡ ሆድ አንዱንም አልቀበል አለ።

ኅዳር ላይ ነጋዴው ይማም ለእርሾ አንቺ ዘንድ መምጣቱን ታውቂያለሽ። ውታፉን አጥብቀሽ የሰጠሽው ቅል ምን እንደሆነ ሳትሰሚ አትቀሪም፣ ቢሆንም ልንገርሽ። ደሴ ኬላ ላይ ወታደሮቹ ጭነቱን ሲፈትሹ ፀሐይ የመታው ቅል ውታፉን ጷ አድርጎ ተፋው። «ወላሂ ይርገዱ፣ ወታደሮቹ በደረታቸው ተኙ፣ እኔንም አስተኙኝ» አለኝ ይማም። «ተነስተው ሲያዩ ጨዌ ላይ ሊጥ ይንፎለፎላል። ይቺ ሴትዮ ያንችን ሰው ልታድን ነው ወይስ እኔን ልታስገድል? ሁለተኛ አልሸከምም።» ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። ንጉሡም ሊስቅ ሞከረ፤ ሲስቅ ሆዱን ይዞ ጎበጠ፣ ከዚያ ማንም አልሳቀ።

አሁን ቆዳው ብቻ ቀርቷል። አጥሚቴን ሳቀርብለት ላለማስቀየም ይጠጣል። ሰሞኑን አንድ ጧት «የብርሀንነሽ...» ብሎ ጀመረና ዓይኔን አይቶ ዋጠው። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝልኝ አለ። ቀሪ እድሜውን በሙሉ ቢሰጠኝ እንኳ ያቺን የዋጣትን ቃል አይተካከላትም። ግን ሲሞት ቁጭ ብዬ ላይ ነው?

አንቺ ነይ እንዳልልሽ መሬትሽን ጥለሽ አትመጪም፣ ብትመጪም በአንድ ጣሪያ ሥር አንውልም። እርሾውም ብቻውን መንገድ አልችል አለ። ስለዚህ ይህን ወረቀት ያቀበለሽን ሰው ቀና ብለሽ እዪው፤ እሱ ነው። ምን እንደተጻፈ አያውቅም፣ እርሾ የለመንኩ ይመስለዋል። «የፈታኋት ሴት ቤት ምን ብዬ እገባለሁ? ሰውስ ምን ይላል?» ብሎ እምቢ ብሎኝ ነበር። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። እስከ ወረኢሉ በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ነው የሚመጣው፤ ጋቢውን እኔ ነኝ ያለበስኩት፣ ደርሶ ከሆነ ደክሞታልና አስቀምጪው።

ብርሀንነሽ፣ እንዲድን እፈልጋለሁ። እንዲመለስልኝም እፈልጋለሁ። ሁለቱ አብረው የማይሆኑ ከሆነ የመጀመሪያውን አድርጊልኝ። ስለ ሁለተኛው መልእክተኛ አትላኪብኝ፤ ፋሲካ አልፎ ካልመጣ ይገባኛል።

ይህ ሲጻፍ የንጉሡ ሚስት፣
ይርገዱ