በቤር ሼቫ የሌለ ተራራ

ቂርያት መላኪ፣ ዓርብ ኅዳር 27 ቀን

ለልጅ ልጄ ለኤሊኦር፣

እንዴት ሰነበትህ፣ ዓይኔ? እኛ ደህና ነን። ይህን የሚያደርስልህ የጦር ጓደኛህ ኡሪኤል ነው። ለሰንበት ገዴራ ቤተሰቦቹ ዘንድ መጥቶ ዛሬ ጧት ሊጠይቀን ብቅ አለ፤ እሑድ ይመለሳል።

«ልጄ፣ ኤሊኦር የት ነው?» አልሁት።

«ቤሰደር፣ ደህና ነው ሳባ፤ ደቡብ ነው» አለኝ። እንደ አንተው አያቱ አድርጎ ሳባ ይለኛል።

«ደቡብ የት?»

«ያላ ሳባ፣ ጡረታ ወጥተህም ትፈትናለህ?» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ግን የሚያየው ጫማውን ነበር። አለቆቻችሁ ከሰሞኑ ስልካችሁን እንደሰበሰቡባችሁ አልደበቀኝም፤ ስለዚህ በወረቀት እጽፍልሃለሁ።

ጎንደር ጂኦግራፊ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ከተማን በተራራው ለዩት» እላቸው ነበር። ጎንደርን ኮረብቶች ከበው ይይዟታል። አዲስ አበባ ጀርባዋን ለእንጦጦ ሰጥታ ቁልቁል ትወርዳለች። እዚህ መጥቼም ልማዱ አልተወኝም። ሃይፋ ቀርሜሎስን ተደግፋ ባሕሩን ታያለች፤ ኢየሩሳሌም ራሷ ተራራ ላይ ተቀምጣለች። የእኛው ቂርያት መላኪ ሜዳ ናት፤ ከቤኤር ቱቪያ መጋዘኖች ጣሪያ የሚበልጥ ነገር አይታየኝም። በቤር ሼቫም ዙሪያ ያለው ዝቅ ያለ ራቁት ጉብታ ነው።

በበዓላችን በስግድ ዕለት በላክኸው ፎቶ ላይ «ከኋላዬ ያለችው ቤር ሼቫ ናት፤ እማ፣ አታስቢ» ብለሃል። ከኋላህ ያለችው ከተማ ግን ቤቶቿ ተራራውን ይዘው ሽቅብ የወጡ ናት። ተራራው ከቀርሜሎስ እጅግ ይበልጣል፤ ጫፉም ነጭ ነው።

ላለመቸኮል ብርሃኑን መረመርሁ። እንደ ወጋችን ፊትህን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረሃል። ቤር ሼቫ ብትሆን ወደ ሰሜን ታይ ነበር፤ የጧት ፀሐይም በቀኝህ፣ ከጀርባህ በኩል ትመጣ ነበር። ፀሐይ የወጣበት ግን ግራ ጉንጭህ ነው። ስልክ ምስል ይገለብጣል ብዬ በደረትህ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብሁት፤ አልተገለበጠም። ስለዚህ የምትሰግደው ወደ ደቡብ ነበር፤ ያለኸው ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን ነው። ልጄ፣ ቃልህ ለእናትህ ብሎ ዋሸ፤ ስግደትህ ግን መዋሸት አልቻለም።

የከተማዋን ስም አውቄዋለሁ፤ ከድንበር ማዶ ናትና አልጽፈውም። በዚያችም ከተማ በመስኮት እናንተ ወዳላችሁበት ጉብታ የምታይ እናት ትኖራለች። እንቅልፍ የነሳኝ እሱም ጭምር ነው።

እናትህ ዘመናይ ፎቶውን በምትሠራበት መጋዘን ለጓደኞቿ አሳይታ ነበር። ማክሰኞ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኩን ፊቴ አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ አብራኝ የምትሠራው ባትሔን ‹ቤር ሼቫም በረዶ ጀመራት እንዴ?› ብላ ሳቀችብኝ። ይህ የት ነው?»

መነጽሬን ጠረግሁ። «ደቡብ ነው» አልኋት።

«ነጩስ?»

«ደመና ነው።»

በማስተማር ዘመኔ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም። ዘመናይ ደግሞ ልጄ ብቻ ሳትሆን ተማሪዬም ነበረች። ስልኩን አንስታ ፎቶውን ደግማ አየችው።

«ቤሰደር» አለች። «ደመና ነው።»

በማግስቱ ፎቶውን አሳትማ ሳሎን ሰቀለችው።

ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ አትከፍትም። በዚህ አገር የወታደር ክፉ ወሬ በስልክ እንደማይመጣ፣ ሁለት ሦስት ሆነው በር እንደሚያንኳኩ ታውቃለህ። ትናንት ጎረቤታችን ውባንቺ ወንፊት ልትመልስ አንኳኳች። እናትህ የሰንበቱ ዳቦ ሊጥ በእጇ እንዳለ ወጥ ቤቱ መካከል ቆማ ቀረች። «አባዬ፣ አንተ ሂድ» አለችኝ። ሄድሁ። በሩ ያን ያህል ሩቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የአባቶቻችን አምላክ ከወጣህበት ተራራ በእግርህ ያውርድህ፤ ከጎንህ ያሉትንም እንዲሁ። ስትመጣ በር አታንኳኳ። ከታች ከደረጃው ጀምረህ «እማ! እማ!» እያልህ ውጣ።

አያትህ ይርሳው