አራት ዓረፍተ ነገር ለማረም ሠላሳ አንድ ዓመት፦ የእትዬ ማንነገረህ የሕይወት ታሪክ

ሠፈሩ ሁሉ «እትዬ ማንነገረህ» እያለ የሚጠራቸው አክስታችን፣ ከሰዓት ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አዋላጇ በር ላይ ጫማዋን ስታወልቅ እሳቸው ቀድመው ደርሰው ይጠብቋት ነበር ይባላል። ይህን ያወሩልን ታላቅ እህታቸው ናቸው። እሳቸው ግን በሕይወት ሳሉ «አንቺ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ በምን ዓይንሽ አየሽው?» እያሉ ይሟገቱ ስለነበር፣ እኛም «ይባላል» ብለን አልፈነዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያው በሚገኘው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ መቀመጥ አይሆንላቸውምና መምህራቸው ተስፋ ቆርጠው የጥቁር ሰሌዳ አጥፊ አድርገው ሾሟቸው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1967 ዓ.ም. አጠናቀው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በከተማው ሬዲዮ ጣቢያ በታይፒስትነት ተቀጠሩ። የጋዜጠኞቹን ጽሑፍ እንዳለ መተየብ ሲገባቸው ስህተቱን እያረሙ ይተይቡ ነበር። ጋዜጠኞቹ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥሎ ዝም አሉ፤ በመጨረሻ ጽሑፋቸውን ከእሳቸው በቀር ለሌላ ታይፒስት አንሰጥም አሉ። እንዲህ ሆኖ ሪፖርተር፣ ውሎ አድሮም የዜና አርታኢ ለመሆን በቁ።

በ1974 ዓ.ም. ከማተሚያ ቤት ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ድምፃቸው ከወረቀት ኮሽታ የማይበልጥ፣ ርጋታን የታደሉ ሰው ናቸው። «ከሷ ጋር መኖር ማለት ፌርማታ ላይ መኖር ነው፤ ሁልጊዜ ልትሄድ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እውነትም እትዬ ምሳቸውን የሚበሉት ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ነበር።

በሕይወታቸው ላይ እንደ ጥላ የተከተላቸው ነገር የደረሰው በመጋቢት 1985 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን የከተማው ውሃ ብዙ ሕፃናትን አሳመመ። የሬዲዮ ጣቢያው ደንብ አንድ ወሬ ዜና ለመሆን ሁለት ምንጭ ያስፈልገዋል ይላል። እትዬ ለከተማው ምክር ቤት ጸሐፊ ደወሉ፤ ለምክር ቤቱ ሾፌርም ደወሉ። ሁለቱም የውሃ ማጣሪያው ኦፕሬተር በሥራ ሰዓቱ ተኝቶ ክሎሪን ሳይጨምር መቅረቱን ነገሯቸው። ሁለት ምንጭ ተገኘ፤ ደንቡ ተሟላ። አራት ዓረፍተ ነገር ያለው ዜና፣ ከተማው ሁሉ ሬዲዮ በሚከፍትበት በምሳ ሰዓት ተነበበ። ኦፕሬተሩ በማግሥቱ ከሥራ ተባረሩ። ለሚስታቸው ቧንቧ ላይ ወረፋ የሚይዝላቸው፣ ሰላም የሚላቸው ጠፋ።

በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ለሌላ ዘገባ በምክር ቤቱ መኪና ሲሄዱ፣ መንገዱ ረዘመባቸውና ከሾፌሩ ጋር ጨዋታ ጀመሩ።

«ለመሆኑ ሰውየውን ስታየው ጋደም ብሎ ነው ወይስ ተቀምጦ ነበር ያንቀላፋው?»

«ኧረ እኔ የት አይቼው እትዬ! ጸሐፊዋ ነገረችኝ እንጂ።»

«እሷንስ ማን ነገራት?»

«የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ናቸዋ! ሌላ ማን ይነግራታል?»

መኪናውን አስቁመው ወረዱ። በእግራቸው ወደ ማጣሪያ ጣቢያው ሄደው የደብዳቤዎቹን ፋይል ሲያስከፍቱ፣ ክሎሪን እንዲላክ ኦፕሬተሩ በተከታታይ የጻፏቸው ሦስት ደብዳቤዎች የምክር ቤቱ «ተቀብለናል» የሚል ማህተም አርፎባቸው አገኙ። ዜናው በተነበበ ዕለት ክሎሪኑ ካለቀ አሥራ ስምንት ቀን ሆኖት ነበር። ሁለት ምንጭ ያሏቸው ከአንድ አፍ የወጡ ነበሩ፤ ያም አፍ ክሎሪኑን ሳያስልኩ የቀሩት፣ የጥፋቱ ባለቤት የሰብሳቢው ነበር።

እትዬ ማረሚያ ጻፉ። የጣቢያው ኃላፊ ግን «ማረሙን እናርማለን፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግን አይሆንም» ብለው፣ እሑድ ማለዳ ሰው ሁሉ በተኛበት አስነበቡት። እትዬ በዚያው ቀን ኦፕሬተሩ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ሰውየው በሩን ገርበብ አድርገው፣ «በአደባባይ ሰድበሽኝ በጓዳ ይቅርታ? ውሸቱን የሰማው ሁሉ እውነቱን ይስማ፤ ያን ጊዜ ነይ» አሏቸው።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ቁጣ ሰምቶ ይተወዋል። እትዬ እንደ ሥራ ትዕዛዝ ተቀበሉት። በወሩ ከሬዲዮ ጣቢያው ለቀቁ። በፀጉር ቤቱ፣ በታክሲ ሰልፉ፣ በጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ እየዞሩ «ያ ዜና ሐሰት ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ማለት ጀመሩ። ፀጉር ቤት ውስጥ ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ ግማሹ የቀረ ሰው «እትዬ፣ እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም» ቢላቸው፣ «ወሬውን ግን ሰምተሃል አይደል?» አሉት። «እሱማ ሰምቻለሁ።» «ማን ነገረህ?» ሰውየው አሰበ፤ አሰበና ማን እንደነገረው ጠፋው። ባለ ምላጩ እስኪስቅ ድረስ ግራ ተጋባ። ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው ከዚያ ፀጉር ቤት ነው።

ሰው «አንቺን የመሰለች አዋቂ እንዴት ተታለለች?» እያለ ሲጠይቃቸው መልሱ እየሰፋ ሄደ፤ መልሱም ትምህርት ሆነ። በ1986 ዓ.ም. ከአንድ አናጢ ወርክሾፕ ጀርባ፣ ጣውላ ላይ ለተቀመጡ አሥራ አንድ ሰዎች የመጀመሪያውን ሥልጠና ሰጡ። አንድ የሠፈር ወሬ ይመርጡና ለእያንዳንዱ ክር ይሰጡታል፤ ሰውም የክሩን ጫፍ ወሬውን ለነገረው ሰው ያቀብላል። ክሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ እጅ ላይ ይከማቻል። «አሥር ሰው ነገረኝ ትላላችሁ፤ አንድ ሰው ነው አሥር ጊዜ የነገራችሁ» ይሉ ነበር። ወጣት ጋዜጠኞችም መጡ። «ሁለት ምንጭ አለኝ» የሚል ጋዜጠኛ ፊታቸው ከቀረበ፣ የመጀመሪያው ምንጭ ሁለተኛውን እንደማያውቀው እስኪያረጋግጥ ድረስ አያስቀምጡትም፤ እሳቸውም አይቀመጡም።

ቀጥሎ ዜጎችን የምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ እንዲገኙ አሠለጠኑ። ደንቡ ቀላል ነበር፦ ማን ቃል ገባ፣ ምን አለ፣ መቼ አለ፤ ጽፎ መያዝና በሦስተኛው ወር ተመልሶ መጠየቅ። ከሠልጣኞቻቸው አንዷ፣ ልብስ ሰፊ አሮጊት፣ የክሎሪኑን ነገር አንስተው ሰብሳቢውን ጠየቁ። ሰብሳቢው «እናቴ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» አሉ። «እኔም በሂደት ላይ ነኝ ልጄ፤ ወደ መቃብር። ማን ይቅደም?» ቢሏቸው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው በቀጣዩ ምርጫ ወንበራቸውን አጡ። የክሎሪኑ መጠንም ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በምክር ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል።

እትዬ ግን አላረፉም። አሥራ አራት ጊዜ የሥልጠና አዳራሽ ቀየሩ፤ ግማሹን አከራዮች አስወጥተዋቸው፣ ግማሹን ራሳቸው ሰልችተው። ልጃቸው በነርስነት በተመረቀችበት ቀን የደረሱት ወንበሮቹ ከተነሱ በኋላ፣ ከነአቧራቸው ነበር። ልጅቷ ይህ እንዳይደበቅ፣ እንዲጻፍ ፈቅዳለች።

ኦፕሬተሩ ወደ ሥራቸው የሚመልሳቸው ደብዳቤ ቢጻፍላቸውም አልተመለሱም፤ በሌላ ሠፈር የቧንቧ መጠገኛ ሱቅ ከፈቱ። እትዬ በየዓመቱ በመጋቢት ወደ ሱቁ ይሄዳሉ። ሰውየው ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «ጨረስሽ?» ይሏቸዋል። «አልጨረስኩም።» «እንግዲያስ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ።» ሳይቀመጡ ይመለሳሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሆነ። ባለቤታቸው አንድ ጊዜ «ምናለ ጨረስኩ ብለሽ ብትገላገይ?» ቢሏቸው፣ ያን ዕለት አላነጋገሯቸውም።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ ሕመሙን ሲያስረዷቸው «እርስዎ ራስዎ አዩት ወይስ ተነገረዎት?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ «እማማ፣ ምስሉን በዓይኔ አይቻለሁ» ሲሉ «እንግዲያው እሺ» ብለው አልጋ ያዙ። መጋቢት መጣ፤ ወደ ሱቁ መሄድ አልቻሉም። እግራቸው ብርድ ልብሱ ሥር ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር። ያን ጊዜ ቤተሰቡን ሰብስበው «ዜናን ሰው እየበላ፣ እያወራ ነው የሚሰማው። ቀብር ላይ ግን ዝም ብሎ ይሰማል። የኔን ታሪክ ስታነቡ ማረሚያዬን አንብቡልኝ» ሲሉ ተናዘዙ። በሐኪም ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

በኑዛዜያቸው መሠረት፣ የጻፉትን ቃል በቃል እናነባለን፦

«በመጋቢት 1985 ዓ.ም. በምሳ ሰዓት ዜና፣ የማጣሪያ ጣቢያው ኦፕሬተር ተኝተው ክሎሪን ሳይጨምሩ ቀሩ ያልኩት ሐሰት ነው። ክሎሪኑ ካለቀ አሥራ ስምንት ቀን ሆኖት ነበር። ኦፕሬተሩ ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቀዋል፤ ምክር ቤቱ ሦስቱንም ተቀብሏል። ሳልጠይቅ ያመንኩት እኔ ነኝ።»

ቤተሰቡ ለኦፕሬተሩ መልእክት ልኮ «አስብበታለሁ» የሚል መልስ ደርሶታል። ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ሰዓት ድረስ ይምጡ አይምጡ ስላላረጋገጥን፣ መጥተዋል ብለን አልጻፍንም። በመካከላችን ካሉ ግን፣ አጠገባቸው የቆማችሁ ሁሉ ከፊት እንዲቆሙ መንገድ ልቀቁላቸው።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና ቁጥራቸውን በትክክል ያላወቅናቸውን ሠልጣኞቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍትን ይስጥልን፤ ዕረፍት በምድር ሳሉ ያልለመዱት ነገር ነውና፣ ቀስ አድርጎ ያለማምድልን።