በቁምሽ የተጣለልሽ ድንኳን

ቀራንዮ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሶፊዬ፣ የኔ አንጀት፣

ጎረቤታችን አበበች ደህና ናት። ባለፈው በስልክ በሷ ነገር አስጨንቄሽ ነበርና መጀመሪያ ይኸን ልንገርሽ። የሐሞት ጠጠሩን አውጥተውላት ቤቷ ከገባች ከረመች። ሐኪሙ ቅባት እንዳትቀምሺ ብሏታል፤ ጾሙ ባይገባ ኖሮ ግን እኔ ቤት እየመጣች ቅቤ ትልስ ነበር፣ አውቃታለሁ። ጠጠሩን በብልቃጥ አድርገው ሰጥተዋት ለመጣው ጠያቂ ሁሉ እያወጣች ታሳያለች። "ይኸን ቋጥኝ ተሸክሜ ነው ትነጫነጫለች ስትሉኝ የነበረው" ትለናለች። ትልቁ ልጇም ከጅማ መጥቶ ሰንብቶ፣ ማር አምጥቶላት ሄደ። ምራቷ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ስሙን ገና አላወጡለትም፤ አበበች ግን ከአሁኑ አዛውንት አድርጋ "አባባ" ነው የምትለው።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። "እማዬ፣ የመርከቧ ሥራ ኮንትራቴ ከጥምቀት በኋላ ያልቃል፤ ላድሰው ወይስ ጠቅልዬ ልምጣ? አንቺ ያልሽውን አደርጋለሁ" አልሽኝ። በስልክ ብመልስልሽ ድምፄ ያጋልጠኛል ብዬ ነው በወረቀት የምጽፈው። ዳዊ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ወንድምሽ አንብቦ እንዳይስቅብኝ አጥፌ ነው የምሰጠው፣ ግን ማንበቡ አይቀርም። ጽሕፈቴንም እንደምታውቂው ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፣ እየገመትሽ አንብቢ።

መልሴን ከመጻፌ በፊት ግን ያን እሑድ የሆነውን በደንብ ልንገርሽ። በስልክ የነገርኩሽ ግማሹን ነው። አንቺም እኮ የነገርሽኝ ግማሹን ነው።

ቅዳሜ ማታ የመርከብሽ ፎቶ ከነጭሱ በየሰዉ ስልክ ላይ ወጣ። ሳሎን የሰቀልኩትን ፎቶ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቀው፣ ገና ሲያዩት "ይቺ የሶፊ መርከብ አይደለችም?" ተባባሉ። ከሥሩ ደግሞ አንድ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው፣ ምላሱ ይቆረጥና፣ "ሠራተኞቹ አልተረፉም" ብሎ ጽፎበታል። ወሬው የእድራችን ዳኛ ጋሽ ገረሱ ዘንድ ደረሰ። ጋሽ ገረሱ ደግሞ ሥርዓት አዋቂ ናቸው፤ "መርዶ በማታ አይነገርም። እናት ናት፣ ይቺን ሌሊት እንኳ ተኝታ ትደር። ሲነጋጋ ሽማግሌ ይዘን እንነግራታለን" አሉ። ሲነጋጋ እኔ ለካ ቅዳሴ ሄጃለሁ። አባትሽም ጎሚስታ ቤቱን ሊከፍት ጦር ኃይሎች ወርዷል። ዳዊ የሌሊት ተረኛ ስለነበር አልገባም። እኔ ስልኬን ለቅዳሴ አጥፍቼዋለሁ፤ ቢበራስ መርዶ በስልክ ማን ደፍሮ ይናገራል? ስለዚህ ስመለስ እንዲነግሩኝ ብለው ድንኳኑን ጣሉት። እኛ በርና አበበች በር መሃል፣ መንገዱን ዘግተው።

ጸበሌን ይዤ ስመጣ ከሩቅ ድንኳኑ ታየኝ። ሶፊዬ፣ አንቺ በሐሳቤም አልመጣሽ። የማን ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ጠጠር ወጣልኝ ብላ የተኛች ሴትዮ ሌሊቱን ሞታ ነው አልኩ። ነጠላዬን አውልቄ ደረቴን እየመታሁ ገባሁ።

"ወይኔ አበበቼን! ወይኔ ጎረቤቴን! ትናንትና ሾርባ ሰጥቻት!"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ "በሞቴ ያዟት፣ ሐዘኑ አእምሮዋን ነካት" ስትል ሰማሁ። ጋሽ ገረሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው "አልማዜ፣ ቁጭ በይ፣ የኔ እመቤት" ይሉኛል። እኔ እቴ! አበበችን እያነሳሁ አበበችን እጥላለሁ፤ ለሰው አዛኝነቷን፣ ሹሮዋን፣ ስትሳደብ እንኳ ደስ ማለቷን። በዚህ መሃል አበበች ራሷ ጎኗን ደግፋ፣ በምርኩዝ እየጮኸች ከቤቷ ወጣች።

"ወይኔ ሶፊዬን! ወይኔ ልጄን!"

"አበበች! አልሞትሽም እንዴ?"

"እኔ ምን ቆርጦኝ! ስፌቴ እንኳ ገና አልደረቀ!"

"ታዲያ ድንኳኑ የማን ነው?"

አበበች ወደ መሬት አቀረቀረች። የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ያኔ ገባኝ።

አላለቀስኩም። እንባው እንዲያ ለአበበች ሲወርድ የነበረው፣ ላንቺ ሲሆን ደረቀ። "ልጄ ስልክ አላት፣ እደውልላታለሁ" ብቻ ነው ያልኩት። ስልኩን ከጉያዬ አውጥቼ ከፈትኩት። አበበች ናት የያዘችልኝ። እንደተከፈተ አንዴ ጮኸ፤ የላክሽው የድምፅ መልእክት ቅዳሴ ላይ ሳለሁ መጥቶ ተቀምጧል። አበበች ነካችው።

"እማዬ፣ ምንም ብትሰሚ እንዳትደነግጪ። ደህና ነኝ። ትንሽ ጭስ ነበር፣ ጠፍቷል። አሁን ቁርስ እየበላሁ ነው።"

"ድገሚው!" አሉ ከኋላ። ደገመችው። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ቁርስ እየበላሽ መሆኑን ሰማ። ጋሽ ገረሱ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉና "ቁርስ ትበላለች? እኛ እዚህ ከሌሊት ጀምሮ ውኃ ሳንቀምስ!" ሲሉ፣ ልቅሶውና ሳቁ ተደባልቆ የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋን።

አባትሽን "ቤት ድረስ" ብቻ ብለው ደውለውለት ኖሯል። ታክሲ መጠበቅ አቅቶት ከጦር ኃይሎች በእግሩ ሮጦ ነው የመጣው። የጎማ መፍቻው እጁ ላይ ነበር፣ መያዙንም አላወቀ። ድንኳኑን ሲያይ የመብራት እንጨቱ ጋ ቆመ፤ ወዲህ አልመጣ፣ ወዲያ አልሄደ። "ደህና ናት፣ ደግፌ! ደህና ናት!" እያልኩ ሮጥኩ፤ አላመነኝም። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፍኩለት።

መቼም ታውቂዋለሽ። "ባሕር የሌለው አገር ሰው ልጁን ለባሕር አይሰጥም" ብሎ ቦሌ ሳይሸኝሽ የቀረ ሰው ነው። አንቺ ስትደውዪ "ጎማ ረሳሁ" ብሎ የሚወጣው፣ በሌሊትም ቢሆን። ያን ለት ቆሞ ሰማሽ። ድገሚልኝ አለ። እንደገና ድገሚልኝ አለ። ከዚያ "ምን በልታ ይሆን?" ብሎ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ።

ጋሽ ገረሱ "በሉ ቶሎ እንንቀለው፤ ለቆመ ሰው የተጣለ ድንኳን ሟርት ነው፣ እድራችንም እንዲህ ዓይነት ጉድ አያውቅ" ሲሉ፣ አባትሽ "አይነቀልም። ሰው ሊያለቅስልኝ መጥቶ ጦሙን አይመለስም፤ ንፍሮውን አቅርቡ" አለ። ንፍሮሽን በላንልሽ፣ ልጄ። እንደዚያ የጣፈጠ ንፍሮ በልቼ አላውቅም።

ይኸ የኔ ግማሽ ነው። ያንቺን ግማሽ ደግሞ ዳዊ አገኘው። ከመንገደኞቹ አንዱ የቀረጸውን አሳየኝ። "ትንሽ ጭስ" ነው ያልሽኝ? ኮሪደሩ እኮ አይታይም! ሰዉ በፒጃማው ይተራመሳል፤ አንቺ ያን ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ሰደርያ ለብሰሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ ቆመሻል። ምን እያለች ነው ብዬ ብጠይቀው ዳዊ ተረጎመልኝ፤ "ቀስ በሉ፤ ለሁላችሁም ቦታ አለ።" አንዲት አልወጣም ያለች ባልቴት ደግሞ እጅሽን ይዛ እንደ ሕፃን ስትከተልሽ አየሁ። ነጮቹ የት ተማረችው ይሉ ይሆናል። እኔ አውቃለሁ። እድር ድንኳን ውስጥ ነው። "አባባ እዚህ ጋ፣ እማማ ወደ ውስጥ ጠጋ ይበሉ" እያልሽ፣ የሚንቀጠቀጠውን ሽማግሌ እየደገፍሽ ስታስቀምጪ ነው ያደግሽው። ያንን የሰው አያያዝ ባሕር ላይ ይዘሽው ሄድሽ።

ቪዲዮውን ካየ ወዲህ አባትሽ ማታ ማታ ጋሽ ቀጄላ ዘንድ መሄድ አበዛ። ታውቂያቸው የለ፣ ኮልፌ የብረት በር የሚበይዱት፤ በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል የነበሩት። አንድ ቀን እኔም ተከተልኩት። ጋሽ ቀጄላ አግዳሚ ወንበሮቻቸውን ገጥመው እንደ ነፍስ አድን ጀልባ አደረጉና ጉልበት ለጉልበት አስቀመጡን። ጀልባው ክዳን እንዳለው፣ ሞተርና የሚጠጣ ውኃ እንዳለው፣ መርከቧ ከወደብ ስትነሳ መንገደኛው ሁሉ ልምምድ እንደሚያደርግ ነገሩን። "ጭሱን ብቻ አትፍሩ፤ ከጭሱ የባሰው የሰው መደናበር ነው" አሉ።

አባትሽ "ቦታው ለክፍል አጽጂዋም ነው?" አላቸው።

"ሕግ ነው፣ ደግፌ። ለመንገደኛውም፣ ለወጥ ቤቱም፣ ለአጽጂዋም።"

"እሷ ግን መንገደኛውን ካስገባች በኋላ ነው የምትገባው?"

"በኋላ ነው። ግን ትገባለች።"



ዳዊ ደግሞ ሌላ በሽታ ይዞታል፤ አክሲዮን ይላል። የመርከብሽ ኩባንያ አክሲዮን ይሸጣል አሉ፤ "ጭስ የታየ ለት ዋጋው ይወርዳል፣ መግዛት ያኔ ነው" ብሎ ሊያስረዳኝ ሲጀምር "አፍህን ያዝ! እህትህ ጭስ ውስጥ ቆማ አንተ ዋጋ ታያለህ?" አልኩት። ደነገጠ። ኋላ ግን አሳዘነኝና "ለመሆኑ አክሲዮን የገዛ ሰው ጀልባው ውስጥ ቀድሞ ይገባል?" ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። "እማዬ፣ ባለአክሲዮን መች ከቤቱ ወጥቶ!" አለኝ። እንግዲያው ይቅርብን አልኩት፤ እኛ መርከቧ ላይ ያለን ድርሻ ይበቃናል፣ ከዚያ በላይ አንችልም።

አሁን መልሴን ልጻፍ። ነይ ብልሽ ያቺን ባልቴት ማን እጇን ይይዛታል? ሥራሽን አይቼዋለሁ፤ ትችይበታለሽ፣ ያምርብሻልም። ስለዚህ አድሺው፣ ሶፊዬ። እኔ ምንም አልጎደለብኝ። በኔ አታሳቢ። ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼዋለሁ፤ ሌላ አይደለም፣ ክረምቱ ግድግዳውን ስላሻገተው ነው። ፍራሹንም ቀየርኩት፣ እንግዳ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። መጋረጃው ያ አንቺ የምትወጂው ሰማያዊ ሆነ፤ ገበያ ላይ ሌላ አጥቼ ነው። በነገራችን ላይ ኮንትራቱ የሚያልቀው ከጥምቀት ስንት ቀን በኋላ ነው? እንዲያው ለማወቅ ያህል።

ከእንግዲህ ግን ጭሱን "ትንሽ" አትበይኝ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ፈርቼ ባድርም አውቄ ልፍራ። ሰደርያሽን ከአልጋሽ ሥር አርቀሽ አታስቀምጪ። በባዶ ሆድሽም አትሥሪ።

መድኃኔ ዓለም ከፊት ከፊትሽ ይቅደምልሽ። አንቺ የሰውን አልጋ እንደምታነጥፊው ማዕበሉን ያንጥፍልሽ። የምትይዢው እጅ አይክዳሽ፣ የምትቆሚበት ወለል አይናወጥብሽ። አሜን።

እናትሽ
አልማዜ

አጥፌ ለዳዊ ልሰጠው ስል በሩ ተንኳኳና መልሼ ዘረጋሁት። አባትሽና ጋሽ ቀጄላ ናቸው የመጡት። አባትሽ ከጎማ ውስጥ የሚገባውን የከባድ መኪና ካላማዳሪ ነፍቶ፣ በትከሻው አንጠልጥሎታል። በሩ አላስገባው ብሎ በጎኑ ነው የገባው።

"በርሜል ውኃ ውስጥ አሳድሬ ሞክሬዋለሁ፤ አንዲት አረፋ አላወጣም። ይኸን ላኪላት" አለኝ።

ጋሽ ቀጄላ "ደግፌ፣ መርከቧ የራሷ አላት፣ ለሁሉም ይበቃል፤ ስንቴ ልንገርህ?" አሉት።

"የመርከቧ የመርከቧ ነው። ይኸ የአባቷ ነው።"

"እሺ፣ በምን ልትልከው ነው? እንዲህ ተነፍቶ አውሮፕላን አያስገባውም።"

አባትሽ የካላማዳሪውን ቫልቭ ፈታው፤ ሁላችንም ቆመን አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ ሰማን። አጣጥፎ ክፍልሽ ገባና አዲሱ ፍራሽ ላይ አስቀመጠው።

"እንግዲያው መጥታ ትውሰደው" አለ።